ያላደገችው ባዝራ

ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚልክያስ
ቤተልሔም፣ ደቡብ አፍሪካ

ሳሮ ነህ ወይ ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ? ያለህበትን አገር ጌታ ይባርክልህ፤ መውጣት መግባትህን ይጠብቅልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያስታውሰኝ ዝናብ ሲመጣ ነው፤ አሁን ደግሞ ዝናቡ መጥቷል። ጓሮው፣ እንሰቱ፣ አንተ ተማሪ ሳለህ የተኛህባት ክፍል ሁሉም እንዳለ ነው።

ለምን አልደወሉም እንዳትለኝ። ጆሮዬ ስለደከመ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተም ትጮሃለህ፤ ከዚያ የእኛን ጉዳይ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እጽፋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው ከሊል ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ አንተ የምትጽፈውንም አትሞ ይሰጠኛል። አላነብም ብሎ ምሏል። ሳያነቡ ማተም እንዴት እንደሚቻል አላውቅም፣ ግን ሰውየው ደግ ነው።

የምሥራች አለኝ፤ ባዝራህ ወለደች። ነገር ግን ከምሥራቹ በፊት ልነግርህ ሲገባኝ ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ። ስመለስ ጋሪ እነዳለሁ፣ እስከዚያ ፈረስ ይግዙልኝ ብለህ የላክህልኝ ጊዜ ወደ በዴሳ ገበያ የሄድኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሻጩ ገና አንድ ዓመቷ ነው፣ ታድጋለች አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ልጅ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ልጅ በአንድ ክረምት ተመዝዞ ሱሪው ሲያጥረው አይቻለሁ። እሷም ትመዘዛለች ብዬ ጠበቅኩ። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት አለፈ፣ ወገቤ ላይ አልደረሰችም። በኋላ ጋሪ ነጂው ዱባለ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ሲያይ አጥሩን ይዞ ሳቀ። ለካ ስገዛትም ትልቅ ነበረች። ባዝራህ ድንክ ናት ልጄ። አንተ «እያደገች ነው?» ስትለኝ «ትበላለች፣ ጤነኛ ናት» ስልህ ነው የኖርኩት። አልዋሸሁህም፤ ግን እውነቱንም አልነገርኩህም።

አምና ለለቅሶ አረካ ስሄድ ዱባለ ግቢ ትቻት ነበር፤ ከእሱ ፈረስ ያረገዘችው ያኔ ነው። ዱባለ ፈረሱ አጥር ዘሎ ነው ይላል። እኔ በሩ ክፍት ነበር እላለሁ፤ ይህን እስካሁን አልተስማማንበትም።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እንሰቱ ሥር ውርንጭላ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። ወንድ ነው፣ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ እግሩ የአባቱ ነው። ከብት ሳረባ የኖርኩ ስለሆንኩ ምን እንደማደርግ አልጠፋኝም። ያ ወፍራሙ እንገር ሆዱን እንዳያበላሸው ከእናቱ ለይቼ ማድቤት ውስጥ አሰርኩት፤ ጠዋትና ማታ በልክ ይጠባል። እናቲቱ በር ላይ ቆማ ትጮኻለች። ላሞችም መጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። ውርንጭላው ግን ምን የመሰለ ጨዋ መሰለህ፤ አይራገጥ፣ አይጮኽ፣ ዝም ብሎ እንደ ተኛ ነው። በዚህ ካንተ ይሻላል።

ሱቅህ ደህና ከሆነ ለበረቱ ቆርቆሮ መግዣ ብታስብልኝ። ጌታ ሱቅህን ከሌባ፣ አንተን ከክፉ ሰው ይሰውርልህ።

አክስትህ ሰብለ

———

ቤተልሔም
ግንቦት 11 ቀን፣ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት

አክስቴ፣ ሰላምታውን በኋላ እመልሳለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን እያነበቡ ይነሡና ውርንጭላውን ይፍቱት።

ውርንጭላ እንደ ጥጃ አይደለም። ጠዋትና ማታ ብቻ ጠብቶ መኖር አይችልም፤ ሲጠባ፣ ሲተኛ፣ ተነሥቶ እንደገና ሲጠባ ነው የሚውለው። ያ ሆዱን ያበላሸዋል ያሉት እንገር ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነው፤ በተወለደበት ቀን ካላገኘው ነገ ቢሰጡት አይጠቅመውም። ዝም ብሎ የተኛው ጨዋ ስለሆነ አይደለም፣ ደክሞ ነው።

ወደ እናቱ ይውሰዱት። መቆም ካቃተው ከሆዱ ሥር አቅፈው ያቁሙትና አፉን ጡቷ ላይ ያድርሱለት። መጥባት ካቃተው እሷን በእጅ ይለቧትና ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ በአፉ ጥግ ያፍስሱለት፤ እንዳያንቀው ጭንቅላቱን ወደ ላይ አያቅኑት። ቀዝቅዞት ከሆነ በጆንያ ይሹት። እትብቱ የተቆረጠበትን ቲንክቸር በሚባለው የቁስል መድኃኒት ውስጥ ይንከሩት። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ከሆነ ዘርግተው ይዩት፤ ተቀዶ የቀረ ካለ የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ይጥሩ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ፈረስ የምታረባ አንዲት ደንበኛዬ ናት።

ከሊል፣ እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። እባክህ አትመህ እስክትጨርስ አትጠብቅ፤ ሞተርህን አስነሣና ሂድ።

ሚልክያስ

———

ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልክያስ፣ ከእናትህ ማኅፀን ጀምሮ ያወቀህ አምላክ ስሙ ይባረክ። በሕይወት አለ። እሱን ካወቅህ በኋላ ሌላውን ተረጋግተህ አንብብ።

ከሊል ወረቀት አላመጣም። ሱቁን ክፍት ትቶ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ገና ከበር «እትዬ ሰብለ፣ ይፍቱት ብሏል» እያለ ገባ። ማድቤት ስንገባ ውርንጭላው በጎኑ ተዘርግቷል፣ ጆሮው በርዷል። እናቲቱ ከበሩ አልተነቃነቀችም ነበር፤ ወተቷ ከጡቷ እየተንጠባጠበ ሰኮናዋን አርሶታል። ልጄ፣ ያንን ወተት መሬት ላይ ሳይ የሆንኩትን አልነግርህም። ስንት ጥጃ ያሳደግኩበት እጅ ነው፤ በዚያው እጅ ልገድለው ነበር።

ዱባለን ጠራነው። የዱባለ ጣት ለጡቷ አልሆነም፣ የእኔ ሆነ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ በሻይ ብርጭቆ አለብኳት። ትንሽ መሆኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው፤ የዱባለ ፈረስ ብትሆን በዚህ ጉልበቴ ማን ሥሯ ገብቶ ያልባት ነበር? ከሊል ፋርማሲ ሮጦ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አመጣ። እንዳልከው በአፉ ጥግ ጠብ ጠብ አደረግንለት። መጀመሪያ ፈሰሰ፣ ከዚያ ዋጠ። ጎኑን በጆንያ ስናሸው ቆየን፤ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ። ዱባለ ከሆዱ ሥር አቅፎ ወደ እናቱ አስጠጋው። የእኔን እጅጌ ጠባ፣ የእሷን ጉልበት ጠባ፣ በመጨረሻ አገኘው። የመጥባቱን ድምፅ ስሰማ አለቀስኩ። ከሊልም ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ። ግንቦት ዝናብ ላይ አቧራ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩትም።

እትብቱን ነክረነዋል፤ ጣቴ አሁንም ቡናማ ነው። የእንግዴ ልጁን እንሰት ቅጠል ላይ ዘርግተን አየነው፣ ሙሉ ነው። አሁን ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፤ የሚያድሩት ማድቤት ነው፣ እኔ ደጅ ነው የማበስለው። ጎረቤት አራስ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ይመጣል። ቁመቷን አይቶ ያልሳቀ የለም፣ እሷ ግን ግድ የላትም።

ቆርቆሮውን ተወው። አሁን የምፈልገው ደብዳቤህን ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ። ደንበኛህንም አመስግንልኝ።

አክስትህ ሰብለ

———

ቤተልሔም
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሰብለ

ያኔ የዘለልኩትን ሰላምታ አሁን ይቀበሉኝ። እንደ እናት ያሳደጉኝ፣ በዚያች ክፍል ከመንደር መጥቼ ስማር በልቼ መተኛቴን ሳያዩ የማይተኙት አክስቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል።

ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ዋጠ» የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። እጄ ሊገድለው ነበር አይበሉ፤ ባዝራዋን ያለባትም ያው እጅ ነው። ድንክ መሆኗን ስላልነገሩኝም አልተቆጣሁም። ለምን እንዳልተቆጣሁ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

አሁን የሚቀጥለውን ልንገርዎ። ጡቷን በየጠዋቱ ይዳስሱ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ሞቆና ጠጥሮ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ይሹት። ውርንጭላው የመጀመሪያውን ጥቁር ኩስ አውጥቶ መሆኑን ይዩ፤ ጭራውን አንሥቶ እያማጠ የማይወጣለት ከሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሆዱ በሁለተኛው ሳምንት ሊላላ ይችላል፣ እየጠባና እየዘለለ ከሆነ አይደንግጡ። ዝናብ አይምታው፣ ግን በፀሐይ ቀን ያውጧቸው፤ ይሩጥ።

ስለ ምግቧ አንድ ነገር አደራ። ድንክ ፈረስ እህል አይችልም። ይወፍርና ሰኮናው ይቃጠላል፣ መቆም ያቅተዋል። ገብስ አይስጧት፣ ባቄላ አይስጧት፤ ደረቅ ሣር፣ ውኃና ጨው ይበቃታል። ዓይኗ እያየ ቢለምንዎ አይራሩላት። እኔ ጋ ያለችው ባዝራ የሰው ኪስ ትፈትሻለች፣ አንድ ጊዜ ከተሰጣት ቀኑን ሙሉ በሩን በግንባሯ ስትመታ ትውላለች።

ለቆርቆሮው ትንሽ ይታገሡኝ፤ ሱቁ ሰሞኑን ቀዝቀዝ ብሏል። ለዱባለና ለከሊል ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ከሊል ግን አስቀድሞ አንብቦታል።

የሚወድዎ ሚልክያስ

———

ወላይታ ሶዶ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚልክያስ

የእግዚአብሔር ቸርነት ካንተ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከቤቴ ሰዎች ጋር ተጣልቼ ታርቄአለሁ። የቤቴ ሰዎች የምልህ ባዝራህንና ልጇን ነው።

አስተማሪ ሕግ ሲሰጠው ያከብራል፤ ሕግህን አከበርኩ። ደረቅ ሣር፣ ውኃ፣ ጨው። ትለምነኛለች፣ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ሳምንት ደህና ነበር፣ ከዚያ ውርንጭላው እናቱን በግንባሩ መደሰቅ ጀመረ። ይጠባል፣ ይለቃል፣ ይደስቃታል። ጡቷን ስነካው ባዶ ከረጢት ነው። ዳሌዋ ወጣ፣ ጎድን አጥንቷን ከሩቅ መቁጠር ቻልኩ። እሱም ያንን ዝምታ ደገመው፤ ማዕዘን ላይ ሄዶ ተኛ። ያንን ዝምታ አሁን አውቀዋለሁ፣ ሁለተኛ አያታልለኝም።

ስለዚህ ሕግህን ጣልኩት። በእኛ ዘንድ አራስ የምትራብበት ቤት የለም ሚልክያስ። ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ ፊቷ ሞልቶ፣ ወዟ ተመልሶ ካልታየ ገበያ አትወጣም። እንደ አራስ አረስኳት። ለብ ያለ የገብስ አጥሚት በትንሽ በትንሹ፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ ዱባለ ከቦዲቲ መንገድ ዳር የሚያጭደው እርጥብ ሣር። ሰኮናዋን በየጠዋቱ በእጄ እነካለሁ፤ ያልከውን ፈርቼ ነው፣ ሙቀት የለውም። ቅቤ ልጨምርላት ስል ዱባለ ከእጄ ነጠቀኝ። «ፈረስ ናት እንጂ ሙሽራ አይደለችም» አለኝ። በዚህ እሱ ልክ ነው።

ወተቷ ተመለሰ። አሁን ውርንጭላው ጠብቶ ሲጨርስ አፉ ላይ አረፋ ይቀራል፤ ከዚያ እንሰቴን እየዞረ ይሮጣል። የደንበኛህ ፈረሶች ምን እየበሉ እንደሚውሉ አላውቅም፣ ግን የእኛዋ የእነሱ ዓይነት ኑሮ አይታ አታውቅም።

እንግዲህ ስለዚች ደንበኛህ ልጠይቅህ። ሴትየዋ ስኳር ልትገዛ መጥታ ቆማ ስለ እንግዴ ልጅ ታወራለች? ስለ ጥቁር ኩስ ታወራለች? ይሁን፣ ታውራ። ቀኑን ሙሉ በሩን በግንባሯ የምትመታውን ባዝራ ግን «እኔ ጋ ያለችው» ነው ያልከው። ድሮ ደብዳቤህ ስለ ዘይት ዋጋና በዱቤ ወስዶ ስለሚጠፋ ሰው ነበር፤ ዓመት አለፈው፣ አንድም አልጻፍክልኝም። እኔ የተማሪ ፊት ሳነብ ነው ያረጀሁት። ሱቁ የለም፣ አይደል?

ይህን የምጽፈው ላሳፍርህ አይደለም። ምክንያቱን ንገረኝም አልልህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ የት ነው የምታድረው? ብርዱ ገብቷል ብለሃል።

ይህችን ደብዳቤ ከሊልን ሌላ ክፍል አስገብቼ ራሴ ነኝ ፎቶ ያነሣኋት። ጠማማ ከሆነች ይቅር በለኝ።

አክስትህ ሰብለ

———

ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልክያስ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ከሊል ሱቅ በር ላይ ስደርስ ገና ሳልጠይቀው ደብዳቤ የለም በማለት ራሱን ይነቀንቃል። ትላንትና ወንበር አወጣልኝና ተቀመጥኩ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ። የሚያዝንልኝ መሆኑ ስለገባኝ ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ብዙ ጠየቅኩ መሰለኝ። ያንን ጥያቄ ተወው፣ ደህና መሆንህን ብቻ ጻፍ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

እዚህ ዝናቡ ቀንና ማታ ነው። ውርንጭላው ዝናብ አይፈራም፣ እናቲቱ ግን እንደኔ ናት፣ ከጣሪያ ሥር አትወጣም። በነገር ሁሉ አፉን ያስገባል። ልብሴን ከገመድ ላይ ያወርዳል፣ የበሩን መወርወሪያ በጥርሱ ይዞ ይጫወታል። ዱባለ ሽጪልኝ አለኝ፤ ለጋሪ የሚሆን እግር ነው ያለው አለ። የሚልክያስ ነው፣ እሱ ሳይፈቅድ ጭራውንም አልሸጥም አልኩት። ስሙንም አላወጣሁለትም፤ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ጻፍልኝ ልጄ።

አክስትህ ሰብለ

———

ቤተልሔም
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአክስቴ ለእትዬ ሰብለ

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት ይህንን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ያስጨነቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት።

የማድረው በረት አጠገብ ነው አክስቴ። የፈረሶቹ ግድግዳና የእኔ ግድግዳ አንድ ነው፤ አንዷ ስትተኛ የምትተነፍሰው ይሰማኛል። ሞቃት ክፍል ናት፣ ምድጃም አለኝ፤ ለብርዱ አይጨነቁ። ሱቁ ካለፈው ዓመት በፊት ነው የተዘጋው። ዕቃው አለቀ፣ የምተካበት አልነበረኝም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሱዛን የሚሏት ባልቴት በረት ጠራጊ ፈልጋ ነበር፤ ሄድኩ። ድንክ ፈረስ ታረባለች። አብዛኞቹ ከፍየል ትንሽ ቢበልጡ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እየመጡ ይቀመጡባቸዋል። መጀመሪያ ፋንድያ ነበር የምጠርገው፣ አሁን የሚወልዱትን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ደንበኛዬ ያልኩዎት እሷን ነው።

የእርስዎ ባዝራ ድንክ መሆኗን ያነበብኩ ቀን ለምን እንዳልተቆጣሁ ገባዎት? እኔ ትንንሾቹን ፈረሶች ከእርስዎ እደብቃለሁ፣ እርስዎ ትንሿን ፈረስ ከእኔ ይደብቃሉ። ብቻዬን በጣም ሳቅኩ፤ ፈረሶቹ ሁሉ አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። ከዚያ አፈርኩ። እርስዎ ነግረውኛል፣ እኔ ግን አልነገርኩም።

ስለ ምግቡም ተሳስቻለሁ። አጥሚቱን ለሱዛን ስነግራት ግንባሯን ያዘች። ደረቅ ሣር ብቻ ያለችው ለእሷ ወፋፍራሞች ነው እንጂ ለምታጠባ ከሲታ አይደለም። ያቺን ሴት ቅጠርልኝ ብላለች፤ እርስዎን ነው።

አሁን ፈርቼ የቆየሁትን ልበለው። ሰባት ዓመት ከአገር ወጥቼ ያለኝ ነገር ያቺ ባዝራና ልጇ ናቸው። ሌላ ምንም የለኝም። ውርንጭላው ሊሞት ነበር ያሉኝ ቀን በዓለም ላይ ያለኝ ሊያልቅ ነው ብዬ ነው ሰላምታውን የዘለልኩት። አዲሱን ዓመታችንን፣ ጊፋታን፣ ሶዶ መዋል እፈልጋለሁ። ያጠራቀምኩት ለቲኬት ይበቃል፣ ለስጦታ አይተርፍም። ከእኛ መንደር ወጥቶ የሚመለስ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ያውቃሉ፤ መኪና ይዞ ነው፣ ሻንጣው በሁለት ሰው ተይዞ ነው። እርስዎ ለዚያ ሁሉ ሰው «ልጄ ባለሱቅ ነው» ካሉ በኋላ እኔ ባዶ እጄን ብመጣ በሩን ማን ይከፍትልኛል?

ልጅዎ ሚልክያስ

———

ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚልክያስ

ያቆየህ አምላክ ይመስገን፤ በሰላም ያግባህ። ደብዳቤህን ከሊል ፖስታ ውስጥ አሽጎ ነው የሰጠኝ። አላነበብኩም አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ በዚህም ዝናብ አቧራ አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ልቆጣህ። በቤተልሔም በረት አደርኩ ብለህ የምታፍረው ከማን ነው? ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው? በየዓመቱ ስለዚያ በረት ቆመው የሚዘምሩት እነሱ አይደሉም እንዴ? ሚልክያስ ሱቁ ሁለት ማቀዝቀዣ አለው ብዬ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ፤ አንተ አንድ ብቻ ነበር ያልከኝ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ተነሣሁና ሱቁ ተዘግቷል፣ ልጄ አሁን የፈረስ አዋላጅ ነው አልኳቸው። ጥቂቶች ሳቁ። ካልሳቁት አንዷ ከቦዲቲ የመጣች ንግሥቲ የምትባል ሴት ናት፤ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። የባሏ ባዝራ አምና የወለደችው በሁለተኛው ቀን ሞቶባታል፣ ዘንድሮም አርግዛለች። ልጅሽ መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ። ስትወልድ ውርንጭላውን እንዳታስረው ብዬ የነገርከኝን ሁሉ ነገርኳት። ውርንጭላውን እንደ ጥጃ ለይቶ የሚያስር እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብዙ ነን።

ዱባለም ሐሳቡን ቀይሯል። ውርንጭላውን መግዛቱን ትቶ ጋሪው የእሱ፣ ፈረሱ ያንተ ሆኖ አብረን እንሥራ ይላል። ለጋሪ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ አባቱ የሚጎትተውን ጋሪ አንተ ንዳ ብሏል። አንተ መጥተህ ራስህ ተነጋገር፣ እኔ ውል አልገባልህም። የአጥሩን ነገር አንሥቼ ግን ተሟግቼዋለሁ። በሩ ክፍት እንደነበረ አምኗል።

አሁን ስለ ልጁ ልንገርህ። ትከሻው የእናቱን ጀርባ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ቆሞ መጥባት አስቸግሮታል፤ የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አጣምሞ ነው ሥሯ የሚገባው። እሷ ደግሞ ዓለም የእሷ ናት፣ ዝም ብላ ቆማ ሣሯን ትበላለች። ሰው ሊያይ ይመጣል፤ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ጠብቶ እስኪጨርስ ቆሞ ያያል። እኔም በርጩማዬን አውጥቼ አያቸዋለሁ። ትንሽ ናት ብዬ የደበቅኋት ባዝራ ያንን የሚያህል ልጅ አሳደገች፣ እሱም ለመጥባት ሲል ዝቅ ማለት አልከበደውም።

ለክፍልህ አዲስ ሣር አስነጥፌአለሁ። ስጦታ ብለህ ምንም እንዳትገዛ። ባዶ እጄን አልመጣም ካልክ ያንን እትብት የምንነክርበትን መድኃኒት አንድ ጠርሙስ ያዝ፤ የንግሥቲ ባዝራ ከጊፋታ በኋላ ትወልዳለች። ለሱዛንም ንገራት፣ ቅጥሩን አልቀበልም፤ እዚህ ሥራ በዝቶብኛል።

በሩን ማን ይከፍትልኛል ብለሃል። ያ ምንም የማይተወው ልጅህ መወርወሪያውን በጥርሱ መሳብ ተምሯል። ገመድ አሰርኩበት፣ ፈታው። ድንጋይ አስደገፍኩበት፣ ገፋው። አሁን ትቼዋለሁ። ከውጭ የእግር ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ይሄድና ይከፍታል፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ እስክነሣ አይጠብቅም። ስትመጣ አታንኳኳ።

አክስትህ ሰብለ